እርጥቡን ከደረቁ

ስለ ቤት ጥራጊ አያያዝ

ከስድስት ኪሎ ወደ ራስ መኰንን ድልድይ በሚወርደው መንገድ፣ አፍንጮ በር በሚባለው ሠፈር የሚኖር ሰው ሁሉ አንድ ጥሪ ያውቃል፤ ይኸውም «ቆራሌው!» የሚለው ነው። ጆንያውን በትከሻው ያነገተ ወጣት ከቅያስ ወደ ቅያስ እየተዘዋወረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ በየአጥሩ ሥር ይጣራል። ቃሉ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው አጥሮ የመጣ ነው ይባላል። ዳሩ ግን የሚገዛው ቆርቆሮ ብቻ አይደለም፤ ባዶ ጠርሙስ፣ የተበሳ ድስት፣ አሮጌ ጫማ፣ የተሰበረ ምድጃ፣ ውኃው የተጠጣበት ሃይላንድ ሁሉ በእርሱ ዘንድ ዋጋ አለው።

አንዲት የቤት እመቤት በሩን ገርበብ አድርጋ ትጠራዋለች።

«ና እስቲ የኔ ልጅ፤ ጠርሙስ አለኝ። ስንት ትከፍላለህ?»

«ስንት ነው እናቴ? ልየውና እነግርዎታለሁ።»

«ስድስት ነው። ባለፈው የመጣው በርካሽ ወሰደብኝ፤ አንተ እንኳ ደኅና ዋጋ ንገረኝ።»

«ግድ የለም እማማ፣ አንጣላም።»

ክርክሩ አጭር፣ ገንዘቡም ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ጠርሙሱ ዳግመኛ ወደ ሥራ ይመለሳል። ይህችው እመቤት ግን ወደ ማድ ቤቷ ገብታ የድንቹን ልጣጭ፣ የቡናውን አተላ፣ የከሰሉን አመድ፣ የተቀደደውን ፌስታል፣ ያለቀውን የባትሪ ድንጋይና የልጇን አሮጌ ደብተር በአንድ ማዳበሪያ ጨምራ አፉን ታስራለች። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ጠዋት፣ ሁለት ልማድ መኖሩን ልብ ይሏል። የሚሸጠውን ነገር መለየት እናውቅበታለን፤ የማይሸጠውን ግን ሁሉን በአንድነት ደባልቀን ከዓይናችን እናርቀዋለን። ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ልማድ ነው።

ቀድሞ እንዴት ነበር?

አባቶቻችንና እናቶቻችን «ጥራጊ» ይሉት የነበረው ነገር እጅግ ጥቂት ነበር። አመዱ ዕቃ ያጸዳል፤ የጠላው አተላ ለከብት ይሰጣል፤ የተረፈው እንጀራ በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፤ ያለቀው ጋቢ ተቀድዶ ለሕፃን መጠቅለያ ይውላል። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ልጣጭና ቅጠል በጓሮ ተጥሎ አፈር ይሆናል፤ አጥንቱን ደግሞ ሌሊት ጅብ እየመጣ ያነሣዋል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ለብዙ ዘመን የከተማይቱ የሌሊት ጽዳት ሠራተኛ ጅብ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ያ ሥርዓት ይሠራ የነበረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የሚጣለው ነገር ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚበሰብስ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ሰው ጥቂት፣ ቦታም ሰፊ መሆኑ ነው። ዛሬ ሁለቱም የሉም። በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ጎን ለጎን ተጠጋግቶ በሚኖርበት ከተማ ጓሮ የሚባለው ነገር እየጠፋ ሄዷል። ከዚህም በላይ ጅብ ፌስታል አይበላም፤ አፈርም የባትሪ ድንጋይ አያበሰብስም።

የመለየቱ ጥበብ ግን ከከተማው ጨርሶ አልጠፋም። ቀድሞ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም የነበረው የአራዳ ገበያ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ተዛወረ። በዚያው በመርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የሚባል ሥፍራ አለ። በዚህ ሥፍራ የዘይት ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ኩራዝና ማንደጃ ይሆናል፤ የመኪና ጎማ ተቈርጦ በረባሶ ይሆናል፤ አሮጌ አሉሚኒየም ቀልጦ ድስት ሆኖ ይመለሳል። ከአፍንጮ በር የተነሣው የቆራሌው ጆንያ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው እንደዚህ ወዳለው የሥራ ቦታ ነው። እነዚህ ሠራተኞች ስለ ሥራቸው በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ አላነበቡም፤ ነገር ግን የተጣለውን ነገር መልሶ ለጥቅም ማዋል ምን ማለት እንደ ሆነ ከብዙ ሊቃውንት በተሻለ ሁኔታ ያውቁታል።

እንግዲህ ቆራሌው እያለ ስለ ምን ችግር ይኖራል? የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ ቆራሌው በማይገዛው ነገር ላይ ነው። ቆራሌው የድንች ልጣጭ አይገዛም። ወጥ የፈሰሰበትን ጋዜጣ አይገዛም። አመድና የቡና አተላ የተለወሰበትን ካርቶን አይነካም። የራሰ ነገር ከደረቀው ጋር በተቀላቀለ ጊዜ የራሰው ብቻ ሳይሆን ደረቁም ዋጋውን ያጣል። የነገሩ ሁሉ ቍልፍ እዚህ ላይ ነው።

ማዳበሪያው ወዴት ይሄዳል?

በር ላይ የተቀመጠውን ማዳበሪያ በማኅበር የተደራጁ የጽዳት ሠራተኞች በጋሪ ሰብስበው ወደ ገንዳ ያደርሱታል፤ ከገንዳውም በመኪና ተጭኖ ከከተማው ይወጣል። ይህ ሁሉ ጥራጊ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አንሥቶ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ሲከማች የኖረው በረጲ ነው። ሕዝቡም ሥፍራውን «ቆሼ» ብሎ ሰይሞታል። ወደ 36 ሄክታር በሚጠጋ መሬት ላይ የተከመረው ጥራጊ ከዘመን ብዛት የተራራ ቅርጽ ያዘ። በሥሩና በዙሪያውም ሰዎች ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር፤ ብዙዎቹም ከክምሩ ውስጥ ብረት፣ ፕላስቲክና ሌላ የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ ልጆቻቸውን ያሳድጉ ነበር።

ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በምሽት ያ ክምር ተናደ። ቤቶቹንም በውስጣቸው ከነበሩት ሰዎች ጋር ቀበረ። የሟቾቹ ቍጥር ከ110 በላይ ሲሆን፣ ከእነርሱም መካከል ብዙ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ሐዘኑ አለፈ፤ ነገሩ ግን ሊረሳ የሚገባው አይደለም። ያ ተራራ በአንድ ሌሊት የተፈጠረ አይደለምና። ከአፍንጮ በር፣ ከጉለሌ፣ ከቦሌ፣ ከቂርቆስ፣ ከየቤቱ በወጣ አንዳንድ ማዳበሪያ የተገነባ ነው።

ለቆሼ ምትክ ለማግኘት ሳይሞከር የቀረ አይደለም። ከናዳው አስቀድሞ በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ተከፍቶ ነበር። ዳሩ ግን የአካባቢው ገበሬዎች መሬታችንና ውኃችን ተበከለ ብለው ስለ ተቃወሙ ሥራው ከጥቂት ወራት በኋላ ቆመ፤ መኪናዎቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። ገበሬው የከተማውን ጥራጊ በማሳው አጠገብ አልቀበልም ቢል ማን ሊፈርድበት ይችላል? እኛስ በደጃችን የሌላ ሰው ማዳበሪያ አንድ ሌሊት ቢያድር እንታገሣለንን?

እዚህ ላይ ስለ ብስባሴ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ልጣጭና ትርፍራፊ አየር ባለበት ቦታ ሲበሰብስ አፈር ይሆናል። አየር በማያገኝበት ጥልቅ ክምር ውስጥ ሲበሰብስ ግን ሚቴን የተባለ የሚቀጣጠል ጋዝ ይወጣዋል፤ ይህም ጋዝ ምድርን ከሚያሞቁት ዋና ዋናዎቹ አንዱ ነው። ከዚህም ሌላ ከብስባሹ ጥቁር ፈሳሽ ይንጠፈጠፋል፤ ፈሳሹም በመንገዱ ያገኘውን መርዝ ሁሉ አጥቦ ወደ መሬት ይዞት ይሰርጋል። እንዲሁም ውኃ ያዘለ ክምር ከደረቀው ይልቅ ለመንሸራተት የቀረበ ነው። እንግዲህ ክምርን አደገኛ የሚያደርገው ዋናው ነገር ያው ማንም የማይገዛው እርጥቡ ጥራጊ መሆኑን እንረዳለን።

እርጥብ ማገዶ

በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ ላይ ቆሻሻን አቃጥሎ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመረቀ። ፋብሪካው የታቀደው በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ እንዲያቃጥል ነው። ይህን የሰማ አንዳንድ ሰው «ማሽኑ ከመጣ ዘንድ መለየት ለምን ያስፈልጋል? ሁሉም አንድ ላይ ይቃጠል!» ሊል ይችላል። እንዲህ የሚል ሰው እርጥብ ማገዶ አንድዶ የማያውቅ መሆን አለበት። እርጥብ እንጨት በምድጃ ስትማግድ እንባዋ የወረደ እናት ሁሉ ምክንያቱን ታውቀዋለች፤ እሳቱ በመጀመሪያ ውኃውን ማድረቅ አለበት፤ ኃይሉም የሚያልቀው በዚሁ ነው። የትልቁ ምድጃ ሕግም ከትንሹ ምድጃ ሕግ የተለየ አይደለም። በልጣጭና በአተላ የራሰ ጥራጊ ለማቃጠልም አይመች፣ ለመሸጥም አይሆን፣ ለመቅበርም አደጋ ነው።

መጠኑን በሒሳብ እንመልከተው። በአዲስ አበባ በልዩ ልዩ ጊዜ የተደረጉ ጥናቶች አንድ ሰው በቀን የሚጥለው ጥራጊ ግማሽ ኪሎ እንደማይሞላ ያመለክታሉ። ለስሌት ያህል 0.4 ኪሎ ብንወስድ፣ አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በቀን 2 ኪሎ፣ በዓመት 730 ኪሎ ይጥላል፤ ይኸውም ከ7 ኩንታል በላይ ማለት ነው። ከዚህም ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ ነገር ነው። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ እርጥቡን ብቻ ከግቢው ሳያስወጣ ቢያስቀረው፣ በዓመት ወደ 4 ኩንታል የሚጠጋ ሸክም ከጽዳት ሠራተኞቹ ጀርባና ከዚያ ተራራ ላይ አነሣ ማለት ነው። በአንድ ቅያስ ሃያ ቤት ቢኖር 80 ኩንታል ይሆናል። ይህ ከመንግሥት ግምጃ ቤት አንድ ሳንቲም ሳይወጣበት የሚሠራ ሥራ ነው።

ሕግ ብቻውን አይበቃም

መለየት ይገባል የሚለው አሳብ አዲስ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቍጥር 513 ማንኛውም የቤተሰብ ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለውን ጥራጊ ከሚወገደው እንዲለይ ደንግጎ ነበር። ይኸው አዋጅ እጅግ ስስ የሆኑትን የፕላስቲክ ከረጢቶችም ከልክሏል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን በሚመለከት ከቀድሞው የጠበቀ አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ሕጉ እንግዲህ አለ፤ ነበረም። የጐደለው በየማድ ቤቱ የሚቀመጠው ሁለተኛው ዕቃ ነው።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በፈረንሳይ አገር የፓሪስ ከተማ አስተዳዳሪ የነበረው ኤዤን ፑቤል እ.ኤ.አ. በ1883 አንድ ትእዛዝ አወጣ። በትእዛዙም የቤት ባለቤቶች ሁሉ ክዳን ያላቸው ዕቃዎች እንዲያዘጋጁ፣ የሚበሰብሰውን በአንዱ፣ ወረቀትና ጨርቅን በሌላው፣ ብርጭቆና ሸክላን በሦስተኛው እንዲለዩ አዘዘ። ሕዝቡ አጕረመረመ፤ ከጥራጊ ለቅመው የሚኖሩ ድሆችም እንጀራችን ሊቀር ነው ብለው ጮኹ። በመጨረሻ ዕቃው ተለመደ፤ እስከ ዛሬም ድረስ በፈረንሳይኛ የቆሻሻ መጣያ ዕቃ በሰውየው ስም «ፑቤል» ተብሎ ይጠራል። መለየቱ ግን በጊዜው ሳይጸና ቀረ፤ ፓሪስም ወደዚያው አሳብ በደንብ የተመለሰችው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ከዚህ የምንማረው፣ ዕቃን በትእዛዝ ማስገዛት እንደሚቻል፣ ልማድን ግን በትእዛዝ ብቻ ማስለመድ እንደማይቻል ነው።

ወደ ጎረቤታችን ወደ ግብፅ እንመልከት። በካይሮ «ዘባሊን» የሚባሉ፣ አብዛኛዎቹ የቅብጥ ክርስቲያኖች የሆኑ ጥራጊ ሰብሳቢዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ለብዙ ዘመን ከየቤቱ ጥራጊ እየሰበሰቡ፣ ደረቁን ለይተው ለፋብሪካ ሲሸጡ፣ እርጥቡን ደግሞ ለአሳማዎቻቸው ሲመግቡ ኖረዋል። ከሰበሰቡትም ወደ 80 ከመቶ የሚደርሰውን መልሰው ለጥቅም ያውሉ እንደ ነበር ይነገርላቸዋል፤ ይህም ብዙ የሠለጠኑ ከተሞች ያልደረሱበት መጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሳማ ጉንፋን የተባለው በሽታ በተሰማ ጊዜ ግን መንግሥት በአገሩ ያሉ አሳማዎች በሙሉ እንዲታረዱ አዘዘ። ያን ጊዜ ዘባሊን እርጥቡን ጥራጊ የሚያደርጉበት ስላጡ መሰብሰቡን ተዉት፤ የካይሮ መንገዶችም በሚሸት ትርፍራፊ ተሞሉ። ጠርሙስና ብረት ሁልጊዜ ገዢ አያጡም፤ እርጥቡን የሚረከብ ሲጠፋ ግን ሥርዓቱ ሁሉ ይፈርሳል።

አለያየቱ እንዴት ነው?

ነገሩ ከባድ አይደለም። ሁለት ዕቃና አንድ ትንሽ ቆርቆሮ ይበቃል።

በመጀመሪያው ዕቃ እርጥቡ ይገባል፤ ይኸውም የአትክልትና የፍራፍሬ ልጣጭ፣ የቡናና የሻይ አተላ፣ የእንጀራ ትርፍራፊ፣ የእንቍላል ቅርፊት፣ የተጠረገ ቅጠልና ሣር ነው። ዕቃው ክዳን ያለው አሮጌ ባልዲ ቢሆን ጥሩ ነው። ይህን ነገር በፌስታል ቋጥሮ መጨመር ግን አይገባም፤ ፌስታሉ ብስባሹን ያበላሸዋልና። ትንሽ ቦታ ያለው ሰው በግቢው ጥግ ክንድ የሚያህል ጥልቀት ያለው ጕድጓድ ይቈፍር፤ አንድ ረድፍ ልጣጭ፣ አንድ ረድፍ ደረቅ ቅጠል ወይም ገለባ፣ ከላዩም ጥቂት አፈር እያደረገ ይሙላው። በየሳምንቱ ቢያገላብጠው አየር ስለሚያገኝ አይሸትም። ከጥቂት ወራት በኋላ ጥቁር፣ የአፈር ሽታ ያለው ብስባሽ ያገኛል፤ ለጎመን፣ ለጤና አዳምና ለአበባ ከእርሱ የተሻለ ማዳበሪያ የለም። ጕድጓድ መቈፈሪያ የሌለው ሰው ጎኑ የተበሳሳ አሮጌ ጀሪካን ወይም በርሜል ሊጠቀም ይችላል። ሥጋና አጥንት ግን ውሻና አይጥ ስለሚጠራ ከዚህ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። የከሰል አመድም ጨርሶ ሳይበርድ ከየትኛውም ዕቃ መጨመር የለበትም፤ ከተዳፈነ ፍም የተነሣ ጋሪና ገንዳ ሊቃጠል ይችላልና።

በሁለተኛው ዕቃ ደረቁ ይገባል፤ ወረቀት፣ ካርቶን፣ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ ሃይላንድና ሌላውም ጠንካራ ፕላስቲክ። ለዚህ ወገን ያለው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ደረቅና ንጹሕ ይሁን። የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮና የዘይት ጀሪካን ዕቃ በታጠበበት ውኃ ለቅለቅ ይደረግ፤ ለዚህ ንጹሕ ውኃ ማባከን አያስፈልግም። ሃይላንዱ ውኃው ተደፍቶ፣ ተጨፍልቆ ይቀመጥ፤ ቦታ አይፈጅም። ካርቶኑ ይዘርጋ። ዘይት የጠጣ ወረቀት ከደረቁ ጋር አይደባለቅ። የጨርቅ ልብስ ለብቻው ቢቀመጥ «ልዋጭ» እያለ የሚዞረው ነጋዴ በፕላስቲክ ሳፋ ወይም በብርጭቆ ይለውጠዋል። የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ ደግሞ ወደ ሱቁ ይመለሳል፤ ጠርሙስ ሳይሰጡ ጠርሙስ አለመቀበል ባለ ሱቆቻችን ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሚሠሩበት መልካም ልማድ ነው።

ደረቁን ማዳን ምን ይጠቅማል ቢባል፣ አሉሚኒየምን ከማዕድኑ አዲስ ከማውጣት ይልቅ አሮጌውን ማቅለጥ እስከ 95 ከመቶ የሚደርስ ኃይል ያድናል። ብርጭቆም ደጋግሞ ቢቀልጥ ባሕርዩን አያጣም። የፕላስቲክ ነገር ግን የተለየ ነው። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ድረስ ከተጣለው ፕላስቲክ ሁሉ መልሶ የተሠራው 9 ከመቶ ያህሉ ብቻ መሆኑን ሊቃውንት አስልተዋል። ስለዚህ ለፌስታል የሚበልጠው መድኃኒት መለየት ሳይሆን አለመቀበል ነው፤ ዘንቢል ይዞ ገበያ መሄድ የኋላ ቀርነት ምልክት አይደለም። ፕላስቲክን በግቢ ውስጥ ማቃጠልም ከሁሉ የከፋ ነው፤ ጢሱ መርዝ ነውና፣ በመጀመሪያ የሚተነፍሱትም የቤቱ ልጆች ናቸው።

በትንሹ ቆርቆሮ የሚጠራቀመው አደገኛው ነው፤ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ ምላጭ፣ መርፌ፣ የተሰበረ ብርጭቆና አምፖል። እነዚህን ከልጆች አርቆ ማስቀመጥና፣ በሚሰጡበት ጊዜ ስለ ምንነታቸው ለሰብሳቢው በአፍ መንገር ያስፈልጋል። ስባሪ ብርጭቆ በካርቶን ተጠቅልሎ ይታሰር። ማዳበሪያውን በባዶ እጁ የሚያነሣው ሰው እንደ እኛው ሥጋና ደም ያለው ሰው መሆኑን መርሳት አይገባም። በአንድ ምላጭ የተቈረጠ ጣት ለእርሱ የብዙ ቀን እንጀራ ማጣት ነው።

ወንዝ ውስጥ መጣልስ? ከራስ መኰንን ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውኃ እንደ ሌሎቹ የከተማይቱ ወንዞች ሁሉ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። በአቃቂ ዳር ገበሬዎች በዚያው ውኃ ጎመንና ሰላጣ እያጠጡ ያመርታሉ፤ ምርቱም ተመልሶ የሚሸጠው በአዲስ አበባ ነው። በሌሊት ተደብቆ ወደ ወንዝ የተወረወረ የባትሪ ድንጋይ መርዙ በገበታ ላይ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው።

«ብለየውስ ምን ይጠቅማል?»

ይህን ጽሑፍ ያነበበ አስተዋይ ሰው አንድ ተቃውሞ ማቅረቡ አይቀርም። «እኔ በቤቴ ብለይ ጋሪው ላይ ሲደርስ ተመልሶ ይደባለቃል፤ ድካሜ ከንቱ ነው» ይል ይሆናል። ተቃውሞው ሐሰት ነው አንልም፤ ይህ የሚሆንበት ቦታ አለ። ነገር ግን ሁለት ነገር እናስብ። የመጀመሪያው፣ በግቢ ጕድጓድ ውስጥ የቀረው እርጥብ ከጋሪው ላይ አይደርስምና ሊደባለቅ አይችልም። ሁለተኛው፣ ከጽዳት ሠራተኞቹ ብዙዎቹ ጠርሙሱንና ሃይላንዱን ለይተው በመሸጥ ደመወዛቸውን ይደግፋሉ። ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ለብቻው የተሰጣቸውን ነገር ከሚሸት አተላ ጋር የሚደባልቁበት ምክንያት የለም። ደባልቀን የምንሰጣቸው እኛ ነን፤ በጣታቸው እየፈተሹ የሚለዩት እነርሱ ናቸው። እኛ በአንድ ደቂቃ በማድ ቤታችን የምንሠራውን ሥራ፣ እነርሱ በጉንፋንና በቍስል ዋጋ ይሠሩታል።

ነገሩ ይልቁንም ተማሪዎችንና ወጣት ሠራተኞችን ይመለከታል። አፍንጮ በር ለስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ቅርብ እንደ መሆኑ መጠን በሠፈሩ ተከራይተው የሚኖሩ ተማሪዎች አይታጡም። ተማሪ ጓሮ የለው ይሆናል፤ ብዙ ወረቀት ግን አለው። የፈተና ልምምድ የተሠራበት ወረቀት ጀርባው ይጻፍበት፤ ጀርባው ሲያልቅ ደርቆ፣ ታስሮ ይቀመጥ፤ ለወረቀት ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ነው። በአንድ ግቢ የሚኖሩ አራት አምስት ተከራዮች ተስማምተው አከራያቸውን «እማማ፣ በዚህ ጥግ አንድ በርሜል ብናስቀምጥ ይፈቅዱልናል?» ብለው ቢጠይቁ እምቢ የምትል እናት አትገኝም፤ ለጎመኗ ማዳበሪያ ታገኝበታለችና።

የመሥሪያ ቤት ሠራተኛም ጠረጴዛው ሥር ባለው ቅርጫት ምን እንደሚጥል ይመልከት። ጠዋት የተጣለው ንጹሕ ወረቀት ከቀትር በኋላ የሙዝ ልጣጭና የሻይ ቅጠል ሲጣልበት ያ ሁሉ ወረቀት ከንቱ ሆነ። ሁለተኛ ቅርጫት ለማስቀመጥ የኮሚቴ ስብሰባም ሆነ የበጀት ጥያቄ አያስፈልግም። ነገ የወረዳና የክፍለ ከተማ ኃላፊ የሚሆነውም ይኸው ወጣት ነው። እርጥቡን በተለየ ቀን፣ ደረቁን በተለየ ቀን የሚያነሣ ጋሪ እንዲመደብ፣ በየሠፈሩም የብስባሽ ማዘጋጃ ቦታ እንዲሰጥ የሚወስንበት ጊዜ ይመጣል። በራሱ ቤት ሳይለይ የኖረ ኃላፊ ሕዝቡን ለዩ ብሎ ቢያዝዝ የፓሪሱ ትእዛዝ ዕጣ ይገጥመዋል።

ከቆሼ ናዳ በኋላ ብዙዎቻችን አልቅሰናል፤ ገንዘብም ያዋጣን አለን። ሙታኑን ግን ከዚያ የሚበልጥ መታሰቢያ ይገባቸዋል። እርሱም ሐውልት አይደለም፤ ሌላ ተራራ አለመሥራት ነው። ዛሬ እሑድ ነው፤ የቤተሰቡ ሰው ሁሉ በቤት ይውላል። አንድ አሮጌ ባልዲ ከየጓዳው አይጠፋም። ባልዲው ታጥቦ በማድ ቤቱ በር አጠገብ ይቀመጥ፤ የዛሬው ምሳ የሽንኵርት ልጣጭም በውስጡ የሚገባ የመጀመሪያው ነገር ይሁን።